በአንድ ሸማ ላይ ሁለት እጅ

አውራ ጣቴ ሥር አንዲት ጉብታ ተሰማችኝ።

በቅርቡ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የእጅ ሥራ የሚታይበት አንድ አዳራሽ ለዘገባ ሄጄ ነበር። የምጠይቀውን ጠይቄ፣ የምጽፈውን ጽፌ ልወጣ ስል ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ነጠላ ዳሰስሁ። ጥለቱ ያምራል፤ ሸማው እጅ ላይ አይቆምም፣ ይፈሳል። መሀሉ ላይ ግን የገብስ ፍሬ የማታህል ጉብታ ነበረች፤ ፈትሉ ሳይከር ያመለጠባት ቦታ። ሻጯ ጣቴ የት እንደቆመ አይታ ደነገጠች።

"ውይ ይቅርታ እህቴ፣ እንከን አለበት ለካ! ሌላ ላውጣልሽ።"

"ግድ የለም፣ ይሄው ጥሩ ነው" አልኋት።

እንዳልሰማች ሆና ሌላ ልታወጣ ጎንበስ አለች። እኔ ጣቴን አላነሣሁም። አዳራሹ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል፤ እኔን የከበበኝ ግን ሌላ ነበር። የጥሬ ጥጥ ሽታ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የነሐሴ ዝናብ፣ በበር በኩል የሚገባ ነጭ ብርሃን፣ ከእናቴ ጭን ላይ የሚነሣ የእንዝርት ድምፅ።

ረጅም ዘመን በዜና ሥራ ኖሬያለሁ። ያየሁትን ከሰማሁት፣ የሰማሁትን ከገመትሁት ለይቶ መናገር እንጀራዬ ነው። ይህንንም በዚያው ልማድ እነግራችኋለሁ፤ ያላየሁት ቦታ ላይ ስደርስ አላየሁም እላለሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ስለ እናቴ ሳወራ ገለልተኛ አይደለሁም። እኮራባታለሁ።

ያደግሁት እስቴ ነው፤ ከወረዳው ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ማልዶ የተነሣ ሰው ለምሳ በሚደርስበት ቀበሌ። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚበቅልበት ደጋ ነው። ክረምት ሲገባ ጉም ከጉና ተራራ ወርዶ ደጃፍ ላይ ይተኛል፤ ከብቱ በረት፣ ሰዉ ቤት ይውላል። ያን ጊዜ የሴቶቹ ሥራ ፈትል ነበር። ጥጡ ከቆላ በአህያ ይመጣል፤ ፍሬው ይወጣለታል፣ ይባዘታል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። "ባለሙያ ናት" ለመባል ከአንዲት ሴት መጀመሪያ የሚታየው ፈትሏ ነበር።

እናቴ ደግሞ በዚህ ስሟ የወጣ ነበረች። ፈትሏ ቀጭን ብቻ አልነበረም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነበር። ልጃቸውን የሚድሩ ሰዎች ከስማዳ፣ አንዳንዴም ከታች ጋይንት ድረስ ጥጥ ይዘው ይመጡባት ነበር። በእሷ ፈትል የተሸመነ ነጠላ ቀለበት ውስጥ ያልፋል ይባል ነበር። ሲያልፍ አላየሁም፤ ሲባል ግን ሰምቻለሁ።

እጇን ያየ ሰው አንደበቷም እንደዚያው የሳሳ ይመስለው ይሆናል። አይደለም። ድምፅዋ ወንዝ ተሻግሮ ይሰማል። ቄሱ ቅዳሴውን ያስረዘሙ ዕለት ደጀ ሰላም ላይ ጠብቃ፣ "አባቴ፣ ዛሬስ በልጅነቱ የገባው ሁሉ ሸብቶ ወጣ" ብላቸዋለች። እርሳቸውም እየሳቁ መስቀል አሳልመው፣ "ምላስሽ ግን አልሸበተም" አሏት። በእኛ ሰፈር ጨዋ ሴት ስትባል ቀስ ብላ የምትናገር፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን ሴት ነበረች። እናቴን በዚህ የሚጠረጥራት ሰው አልነበረም።

እንዝርት መያዝ ያስተማሯት እማሆይ ናቸው። እናቴ ለትዳር ስትመጣ ገና ልጅ ነበረች፤ እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተችባት ፈትል የሚያሳያት አላገኘችም። እማሆይ ያን ጊዜ ቆብ አልጫኑም፤ ከእኛ ዝቅ ብሎ ባለው ቤት ባልና ልጅ ነበራቸው። አዲሷን ሙሽራ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት፤ ጣቷን በጣታቸው ይዘው አስተማሯት። እኔ ነፍስ ሳውቅ ባላቸውም ልጃቸውም በሕይወት አልነበሩም፤ መንኩሰው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የቀራቸው ስማቸው ነው። በገበያ መሀል ሲያልፉ፣ "እኒህ እኮ ናቸው፣ የዚያችን ፈታይ እጅ ያወጡት" ሲባል ቀና ብለው ሲራመዱ አይቻለሁ።

በአካባቢያችን አንድ ወግ ነበር። ፈትል ያስተማረች ሴት፣ ከተማሪዋ ቤት ትልቅ ልብስ ሲወጣ የእጇን ፈትል ታዋጣለች። በቁመት የሚዘረጋው ድር የባለቤቲቱ ይሆናል፤ በወርድ የሚገባው ማግ ውስጥ ግን የአስተማሪዋ ድርሻ ይጨመራል። ሸማው ከሸማኔ ቤት ሲመጣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይዘረጋል፤ ሴቶቹ ተራ በተራ በጣታቸው መሀል እያሳለፉ ይመርቁታል። ያዋጣችው ፈትል የተመለሰባት ሴት ግን እጇ ሞተ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ጥጥ የሚሰጣት፣ ለሙያ የሚጠራት የለም። ለወጣት ሴት ይህ ሐሜት ነው፤ ይረሳል። ስሟ ብቻ ለቀራት አሮጊት ግን በቁም መቀበር ነው።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን መካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይቼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለስንቅ እየተመላለስሁ ጨረስሁ። ውጤቱ ሲመጣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝ። ከቀበሌያችን ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እኔ የመጀመሪያዋ ነበርሁ። አባቴ ዜናውን ሲሰማ ከእርሻው መሀል በሬዎቹን አቁሞ ተቀመጠ። እናቴ ተነሥታ ጥጥ ገዛች።

"በሱሪ የምትመጣዋ ትምጣ" አለች። "የእኔ ልጅ በእጄ በፈተልሁት ቀሚስ ትገባለች። ያዩሽ ሁሉ የማን ልጅ ናት ይበሉ።"

ያን ክረምት በሙሉ ፈተለች። በር ላይ፣ ብርሃኑ ጭኗ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ትቀመጣለች፤ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሹራ ትለቀዋለች፤ ከግራ እጇ ውስጥ ባዘቶው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ዓይን የማይይዘው ክር ይሆናል። አንዳንዴ ክሩ ጨርሶ ይጠፋብኝና እንዝርቱ አየር ላይ ብቻውን የሚዞር ይመስለኝ ነበር። ያንን ቀሚስ አስቀድሜ በሐሳቤ ለብሼዋለሁ። በግቢው ውስጥ ስሄድ ነፋስ ሲያነሣው፣ የከተማ ልጆች ዘወር ብለው ሲያዩት ይታየኝ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሌላ ምን ይታየኝ?

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ባለ ጊዜ፣ እማሆይ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ደጃፍ ላይ ጭቃቸውን አራግፈው ገቡ፤ ከነጠላቸው ሥር ትንሽ ሙዳይ አወጡ።

"የልጅ ልጄ አገር ልትለቅ ነው አሉ" አሉ። "በባዶ እጄ ልሸኛት ኖሯል?"

"እርስዎ ደግሞ! ምን ያደክምዎታል እማሆይ? ጸሎትዎ ይበቃን ነበር" አለች እናቴ።

"ጸሎቱን ለብቻው አደርሳለሁ። ይህ ወግ ነው። በማጉ አግቢልኝ።"

እናቴ ሙዳዩን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ከፈተች፣ ውስጡን አየች። ፊቷ አልተለወጠም። የፈትሉን ልቃቂት አንሥታ ሳመችውና፣ "እጅዎ ይባረክ" አለች። እማሆይ ደስ ብሏቸው ጥቂት ተጫውተው ሄዱ።

ሲወጡ ሄጄ አየሁት። ፈትሉ አንድ ቦታ እንደ ሐረግ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ሊበጠስ ይደርሳል፣ በየመሀሉ ያልከረረ ጥጥ ቋጥሯል። የእማሆይ ዓይን ከደከመ መቆየቱን፣ እጃቸውም መንቀጥቀጥ መጀመሩን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እርሳቸው ግን ፈትላቸው ምን እንደሚመስል አያዩትም።

"እማዬ፣ ይሄማ ገመድ ነው" አልሁ።

"አፍሽን ያዥ!" አለችኝ። ያን ቀን ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ለእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በገበያ ቀን ድሩንም፣ የእሷን ማግም፣ ሙዳዩንም ይዘን መካነ ኢየሱስ ወረድን። ሸማኔው ከገበያው ወጣ ብሎ፣ እግሩን ከመሸመኛው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ሲሸምን አገኘነው። ከእናቴ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው፤ ሁለቱም በሥራቸው ላይ ቀልድ አያውቁም። የእሷን ፈትል በጣቶቹ መሀል አሳልፎ፣ "ይኸውልህ! ፈትል እንዲህ ነው" አለ፣ አጠገቡ ላለ ሰው ሳይሆን ለራሱ። ከዚያ ሙዳዩን ከፈተ። አንዱን ክር ጎተት አደረገው፤ ተበጠሰ።

"ይህን ማን ሰጠሽ?"

"የሰጠኝ ሰጠኝ። በማጉ አግባው።"

"እቴ፣ ደህና ነሽ? ይህ ለአህያ ጭነት ነው። በዚህ ቀጭን መሀል ሲገባ እንደ ጠባሳ ነው የሚታይ። ከበር ላይ የቆመ ሰው ይለየዋል።"

"ይለየው።"

"ሰውኮ ፈትሉን ብቻ አይደለም የሚለይ። ባለቤቱንም ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሰው ፊት ሲዘረጋ አስቢው። መልሺላቸው፤ ወይም ለብቻው ጋቢ አድርጊው።"

"ፈትል አይመለስም። ጋቢ ካደረግሁትም ለቀሚስ አልበቃም ማለት ነው፤ ያው መመለስ ነው።"

"እንግዲያ እኔ አልሸምነውም። ባንድ ሸማ ላይ ሁለት እጅ አይታይም። ወይ ሁሉም ቀጭን፣ ወይ ሁሉም ወፍራም። ከአባቴ የተማርሁት ይኸው ነው።"

እናቴ ይህን በመሰለ ጊዜ ለሸማኔው የምትመልሰው አታጣም ነበር። ያን ቀን ግን ፈትሉን ሰብስባ፣ "ደህና ዋል ወንድሜ" ብላው ወጣች። ዳገቱ ሥር፣ ሰው ሁሉ የሚያርፍባት ድንጋይ ላይ ስንደርስ ተቀመጠች።

"ወፍራም ቀሚስ ትለብሻለሽ?" አለችኝ።

"ለምን?"

"ለምኑን ተይው። ትለብሻለሽ ወይስ አትለብሽም?"

"ካንቺ እጅ?"

"ከእኔ እጅ።"

ምን ልትሠራ እንዳሰበች ያን ጊዜ ገባኝ፤ ማጉን ሁሉ የእማሆይን አስመስላ ልትፈትለው ነው። ነፋስ የሚያነሣውን ቀሚሴን እዚያች ድንጋይ ላይ እንደተሰናበትሁት ትዝ ይለኛል። ከእኔ የሚወሰደው ግን ቀሚስ ነው፤ ከእሷ የሚወሰደው ምን እንደሆነ ለማወቅ ለማንም አይከብድም። ገበያተኛው ሁሉ የሚያውቃት በዚያ እጇ ነው።

"እለብሳለሁ" አልሁ።

"በይ ተነሽ፣ ዝናብ መጣ" አለችኝ።

ቀጭኑን ማግ ለአንዲት የስማዳ ሙሽራ ቤተሰብ ላከችው። ድሩን ለቀሚሱ አስቀረች። ከዚያ አዲስ ጥጥ አባዝታ እኔን አስይዛ ወደ እማሆይ ቤት ወረደች። "ቤቴ ጨለመብኝ፤ ከእርስዎ ጋር እየተጫወትሁ ልፍተል" አለቻቸው። እማሆይ ደስ ብሏቸው አጎዛ አነጠፉላት።

እዚያ ያየሁትን ሙያ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። እናቴ የእማሆይን ፊት አታይም፤ እጃቸውን ነው የምታይ። አውራ ጣታቸው ድንገት ይዘልላል፤ ያን ጊዜ ጥጡ ያመልጥና ይቋጠራል። ያመለጠውን ለመያዝ ደግሞ ይስቡታል፤ ያን ጊዜ ይሳሳል። እናቴ ያንን መከተል ጀመረች። እጇ እምቢ አላት። ሳታስበው ቀጭኑ ይመጣባታል፤ ትበጥሰዋለች፤ እንደገና ትጀምራለች። ወፍራም እንዝርት አመጣች፤ እሱም ላይ ቀጭን ወጣ። አንዴ በንዴት የራሷን እጅ በጥፊ መታችው። ለዓመታት ያስተካከለችውን ጣት እንዲሳሳት ማስተማር ነበረባት። እንዲሁ መሳሳት ደግሞ አይበቃም፤ እንደ እማሆይ መሳሳት አለበት።

"ዛሬ ምነው ዝም አልሽ? ጤና አጣሽ?" አሏት እማሆይ።

"ከእርስዎ ልማር ብዬ ነው።"

"አሁን? ሽበት አውጥተሽ?" ብለው ሳቁ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ጆሯቸውን ጣል አድርገው፣ "እንዝርትሽ ከበድ ከበድ ይላል" አሉ።

"እኔ ነኝ የደከምሁ።"

እማሆይ መፍተላቸውን ቀጠሉ። ሁለቱ እንዝርቶች ጎን ለጎን ሲዞሩ፣ ውጭ ውሃው ሲንጠባጠብ፣ እኔ ባዘቶ እያቀበልሁ ዋልሁ። እንዲህ እየተመላለስን ሰነበትን። በመጨረሻ እናቴ ሁለት ልቃቂት መዳፌ ላይ አስቀመጠችና፣ "የቱ የእርሳቸው ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ። አላወቅሁም። ደስ ብሏት እንደ ልጅ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ።

ሸማኔው ሁለተኛ ጊዜ ሲያየን ገና የእሷን ፈትል እንዳነሣ፣ "ምን ነካሽ እቴ? ታመምሽ?" አለ። ከዚያ የሙዳዩን አንሥቶ አስተያየ። አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ያነሣል። ቀና ብሎ እናቴን ረጅም ጊዜ ተመለከታት።

"አሁንስ አንድ እጅ ነው" አለ። "እሸምነዋለሁ።"

መስቀል ባለፈ በሁለተኛው እሑድ ቀሚሱ እቤታችን ተዘረጋ። ክረምቱ ወጥቷል፤ ሜዳው በአደይ ቢጫ ነበር፤ ብርሃኑ ምንም ነገር የሚደብቅ ዓይነት አልነበረም። ጎረቤት ሁሉ ጠላ ይዞ ተቀምጧል። እማሆይን ከምሰሶው ሥር፣ በክብር ቦታ አስቀመጥናቸው። በፈትል እናቴን የምትፎካከር አንዲት ጎረቤት ነበረችን፤ ምላሷ ከእናቴ አያንስም። ሸማውን መጀመሪያ የያዘችው እሷ ነበረች። በጣቶቿ መሀል አሳለፈችና ቆመች።

"ኧረ ይሄ ጎበጥ ጎበጥ ያለው የማን እጅ ነው?"

እማሆይ ቀና አሉ።

"የእኔ ነዋ! የማን ይሁን?" አለች እናቴ።

"ሁሉም?"

"የእማሆይም አለበት፣ እንደ ወጉ።"

"የቱ ነው የእማሆይ?"

"ዓይን አለሽ አይደል? ለይዋ!"

ጎረቤታችን ተነሥታ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ ገልብጣም አየችው። ሴቶቹ፣ "ጠፋባት! ጠፋባት!" እያሉ ያሾፉባት ጀመር። በመጨረሻ ሸማውን ጣል አድርጋ፣ "አይ አንቺ!" አለች ለእናቴ። "ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ብትገባ ያንቺ እጅ አንደኛ ክፍል ተመለሰ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው እናቴ ነበረች። "ምን ላድርግ፣ አረጀሁ!" አለች ወንዝ በሚሻገረው ድምፅዋ። ሰው ፊት ስትሸነፍ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እንዴት እንዳማረባት ልነግራችሁ አልችልም።

የጎረቤታችን ሳቅ ግን መሀል ላይ ቆመ። ጣቷ አሁንም ሸማው ላይ ነበር። እናቴን አየቻት፤ ከዚያ እማሆይን፤ ከዚያ እንደገና እናቴን። ፈታይ ናትና የሚያውቀውን ጣቷን መዋሸት አልቻለችም ይመስለኛል። ይህ ግምቴ ነው። የሰማሁት ግን ቀጥሎ ያለችውን ነው።

"ለነገሩ" አለች ቀስ ብላ፣ "ዘንድሮ ጥጡ ነው ክፉ። የእኔም እንዲሁ ነው የሆነ።"

የእሷ እንዲህ አልሆነም። ከሳምንት በፊት ቤቷ ገብቼ አይቼዋለሁ፤ እንደ ፀጉር ነበር።

የእማሆይ ተራ ደረሰ። ሸማውን ጭናቸው ላይ አደረግሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ያዙና ቀስ ብለው መሳብ ጀመሩ፤ ከንፈራቸው ዳዊት እንደሚደግም ሰው ይንቀሳቀሳል። ጥቂት ሄደው ፈገግ አሉ፤ የራሳቸውን እጅ አገኙት። ቀጠሉ። እዚያም አገኙት። ሸማውን አዙረው ሌላውን ዳር ያዙ፤ እዚያም የራሳቸው ነው። ከዚያ ጣታቸው ቆመ። የሰጡት አንዲት ትንሽ ሙዳይ ነበር፤ የሚዳስሱት ሙሉ ቀሚስ ነው።

እንደ ወጉ አሁን እኔን መመረቅ አለባቸው። "እጅሽን አምጪ" አሉ። ተንበርክኬ ዘረጋሁ።

"ያንቺን አይደለም።"

እናቴ ቀረብ አለች። እማሆይ ቀኝ እጇን ይዘው ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሳሟቸው። መነኩሲት፣ ያውም አስተማሪ፣ የተማሪዋን እጅ አትስምም፤ በአገራችን እጅ የሚሳመው ከታች ወደ ላይ ነው። እናቴ እጇን ልትነጥቅ ታገለች።

"ኧረ እማሆይ! ኧረ ነውር ነው! ኧረ በማርያም!"

"ዝም በይ" አሉ እማሆይ። "አስተማሪሽ ነኝ።"

ከዚያ እጇን ለቀቁና ወደ እኔ ዞረው፣ "ሂጂ፣ ደህና ግቢ፣ አገርሽን አትርሺ" ብለው እንደ ማንኛውም አሮጊት መረቁኝ። ሴቶቹ እልል አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ፤ ስለዚህ ነገር በሁለቱ መሀል ሌላ ቃል ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ቀሚሱን ባሕር ዳር ለበስሁት። የዚያን አገር ሙቀት የሚያውቅ ሰው ወፍራም የደጋ ቀሚስ ለብሶ ከሐይቁ ዳር መዋል ምን እንደሆነ ይገባዋል። ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር። አንዷ የክፍሌ ልጅ፣ "ምነው፣ ጋቢ ነው እንዴ የለበስሽ?" ስትለኝ፣ "እናቴ የፈተለችው ነው" ብዬ ደረቴን ነፍቼ አለፍሁ። ከዚያ ወዲያ በሥራዬ ብዙ አንደበተ ለስላሳ ሰው ገጥሞኛል፤ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ፣ ቃል መርጦ የሚናገር፣ ከዚያ የሰውን ስም በአንድ ፊርማ የሚያጠፋ። "ጉዳዩ ስስ ነው" ሲሉኝም ብዙ ጊዜ "አትንኪው" ማለታቸው ነው። እናቴ ስስ ነገር ገጥሟት አልሸሸችም፤ በጣቷ ይዛ እንዳይበጠስ አድርጋ እስከ መጨረሻው ወሰደችው። ስትናገር ጎረቤት የምታደነቁረው ያችው ሴት።

እማሆይ እኔ ተመርቄ ሥራ ከያዝሁም በኋላ ኖሩ። እናቴም እርሳቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ ቀጭን አልፈተለችም። ለአንድ ቀን ብትፈትል የቀሚሱ ነገር ይገለጣል። ከስማዳ ጥጥ ይዘው የሚመጡትን፣ "እጄ ደክሟል፤ ወደዚያ ሂዱ፣ የእሷ ከእኔ ይሻላል" ብላ ወደዚያች ጎረቤት ትልካቸው ነበር። ጎረቤታችንም እየተቀበለች፣ "እሷ እያለች እኔ ምን ሆኜ" ማለት አትተውም ነበር። ቆይቶ ግን የሚመጣው ሰው መንገዱን ቀጥታ ወደዚያ አደረገ። በእኛ ደጃፍ የሚያልፉት ወጣት ሙሽሮች እናቴ ድሮ ፈታይ እንደነበረች እንኳ አያውቁም ነበር።

እማሆይ በፍልሰታ ጾም ዐረፉ። ለአርባቸው ከአዲስ አበባ ፈቃድ ወስጄ ሄድሁ። ዝክሩ አልፎ እንግዳው በማግሥቱ ሲበተን እናቴ ነጭ ባዘቶ አወጣች፤ ለብዙ ጊዜ ያላየሁትን ቀጭን እንዝርቷንም ከግድግዳው አወረደች። በር ላይ፣ ብርሃኑ በሚያርፍበት ቦታ ተቀመጠች። ምን ልትሠራ እንደሆነ ገብቶኝ አጠገቧ ሄድሁ።

እንዝርቱን አሹራ ለቀቀችው። ከግራ እጇ የወጣው ክር ወፍሮ፣ ሳስቶ፣ ተቋጠረ። በጠሰችው። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ተቋጠረ። ጣቷን በአመድ አሻሸችው። ከእኔ ዞር ብላ ሞከረች። ቀጭኑ አልመጣም። እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ዓይኗም ደህና ነበር። የጠፋው መንገዱ ነው።

"ጥቂት ቀን ይፈልጋል እማዬ" አልኋት። "ይመለሳል።"

ያወጣችውን ክር በሁለት ጣቷ መሀል ቀስ ብላ አሳለፈችው። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁት ግን ኩራት ነው፤ የፊት መልክ አንባቢ አይደለሁም፣ በዚህኛው ግን አልሳሳትም።

"የእርሳቸው እጅ ነው" አለች። "ይኸው እኔ ዘንድ ቀረ። በይ ባዘቶ አቀብይኝ።"

አቀበልኋት።